የኮሌጅ ፉትቦል አሠልጣኝ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ይገባዋልን?

የኮሎምበሱ፦

ጤና ይስጥልኝ። በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መከር በገባ ቁጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ100,000 በላይ ሰው የሚይዘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ጢም ብሎ ሲሞላ ከተማው በሙሉ ሌላ ሥራ የሌለው ይመስላል። እኔም ጨዋታውን ከልጆቼ ጋር ማየት ከለመድኩ ቆይቻለሁ። (እግር ኳስ ብዬ ብጽፍ አንባቢ የእኛኑ ኳስ ስለሚያስብ፣ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ እዚህ ፉትቦል እያልኩ እጠራዋለሁ። ወራቱና ዓመታቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዬን ያስነሣው ከሉዊዚያና የተሰማው ወሬ ነው። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብራያን ኬሊን በ2021 መጨረሻ ለ10 ዓመት በ95 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረው። አራተኛው የውድድር ዘመን ሳያልቅ፣ በጥቅምት 2025፣ ቡድኑ በሜዳው በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ 25 በተሸነፈ ማግሥት አሰናበተው። ውሉን በማፍረሱም ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ መጣበት። የዚያ ዕዳ ወሬ ሳይበርድ፣ አንድ ወር ጥቂት እንዳለፈ ሌይን ኪፊን የተባለውን አሠልጣኝ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ አስመጥቶ በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍለው ተዋዋለ።

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ አገረ ገዥው ወይም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳይሆን የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነው። የእኛው ከተማ ራያን ዴይ በዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። በኅዳር 2024 መጨረሻ በሚሺጋን 13 ለ 10 ሲሸነፍ፣ ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ ነበርና፣ ይባረር ያላለ ሰው በሠፈሬ አልነበረም። ከ51 ቀን በኋላ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሣ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ሐውልት ይሠራለት አሉ። ዋጋው በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ከተገለባበጠ የሰውየው ትክክለኛ ዋጋ የቱ ነው? እኔ በበኩሌ ይህ ደመወዝ አይገባቸውም ባይ ነኝ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁን ለመስማት ግን ዝግጁ ነኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ከዳላስ፦

ወንድሜ የኮሎምበሱ፣ ቁጣዎን እረዳለሁ። ሆኖም «ብዙ ነው» እና «አይገባውም» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። አንድ ሠራተኛ የሚገባው ለቀጣሪው ከሚያስገኘው ጋር ተመዛዝኖ እንጂ ከመምህር ደመወዝ ጋር ተነጻጽሮ አይደለም።

አላባማን እንመልከት። ዩኒቨርሲቲው በጥር 2007 ኒክ ሴባንን ለ8 ዓመት በ32 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጥር፣ በዓመት 4 ሚሊዮን መሆኑ ነው፣ የዛሬውን የመሰለ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ሰውየው በ2024 መጀመሪያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአላባማ ስድስት ብሔራዊ ዋንጫ አነሣ። ዋንጫው ይቅር፤ የተማሪውን ቁጥር እንይ። በ2006 ወደ 24,000 የሚጠጋ የነበረው ተማሪ በ2023 ከ39,000 በላይ ሆኗል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሌላ ግዛት የሚመጡና ከግዛቱ ተወላጆች ከእጥፍ በላይ የትምህርት ክፍያ የሚጠየቁ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ የነበሩት ሮበርት ዊት በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሴባንን መቅጠር ተቋሙ በታሪኩ ካዋላቸው መዋዕለ ንዋዮች ሁሉ የላቀው ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

ገቢውንም መዘንጋት የለብንም። የእርስዎ ኦሃዮ ስቴት ያለበት ቢግ ቴን የተባለው ሊግ በ2022 የተፈራረመው የቴሌቪዥን ውል በሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚከፍለው የሚታይ ጨዋታ ስላለ ነው፤ የሚታይ ጨዋታ ደግሞ ያለ ጥሩ አሠልጣኝ አይኖርም። የአንድ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ በዚህ መጠን ገቢ ላይ ተቀምጦ 10 ሚሊዮን ቢያገኝ ማንም አይገረምም ነበር።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ ሒሳብ ሠራተኛው፣ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ። ለሒሳብ መልስ የለኝም። ነገር ግን አሠልጣኙ የሚከፈለው ለምን ሥራ እንደሆነ ልጠይቅዎ።

እኔ የምኖረው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። በግንቦት 2018 መጨረሻ ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ። በዚያ ሰዓት ማድረግ የሚገባው፣ ሰውነቱን በበረዶ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቀዝቀዝ ነበር፤ አልተደረገም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በነሐሴ ወር የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን ተቋሙ እንደሚቀበል በይፋ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አሁንም ልረዳው አልቻልኩም። ከሥራው ገለል ተደርጎ የቆየው ዋና አሠልጣኝ በጥቅምት 30 ቀን ወደ ሥራው እንዲመለስ ተወሰነ፤ ተማሪውና ሕዝቡ ሲቆጣ በማግሥቱ ተሰናበተ። የተሰናበተውም በጥፋት ሳይሆን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ክፍያ በሚያስገኝለት መንገድ ነው። ለሟቹ ቤተሰብ ግዛቱ የከፈለው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ እሱም በ2021 ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ አሠልጣኙ ተጫዋች ሊመለምል ወደየቤታችን ሲመጣ «ልጅዎን እንደ አባት እጠብቀዋለሁ» እንዲል ይልኩታል። ስለዚህ ስለ ዋጋው ስንነጋገር ይህም ተራ ይያዝለት።

ጠበቃው፦

እህቴ ያነሡት ነገር ወደ ውሉ ይወስደናልና ከዚያ ልጀምር፤ መቼም የሙያዬ ነገር ሆኖ ረዘም ያለ ስለሚሆን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ፣ የአሠልጣኞች ደመወዝ ለምን ጣሪያ አይበጅለትም የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ጣሪያ ማበጀት ተሞክሮ በፍርድ ቤት ወድቋል። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወጪ ለመቀነስ ብሎ አንዳንድ ረዳት አሠልጣኞች በዓመት ከ16,000 ዶላር በላይ እንዳይከፈላቸው ደነገገ። የቅርጫት ኳስ ረዳቶች ከሰሱ። በ1998 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ኮሌጆች ተስማምተው የሠራተኛን ዋጋ መወሰናቸው የፀረ ሞኖፖል ሕጉን ይጥሳል አለ። በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩ በ54.5 ሚሊዮን ዶላር በዕርቅ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ደግሞ የሞከረ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፍርድ ቤቱ የአሠልጣኙን ዋጋ ማንም ሊገድበው አይችልም ባለበት አገር፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ ጉልበቱ የሚሰበረው ተጫዋች ዋጋ ግን ከስኮላርሺፕ እንዳያልፍ ተገድቦ ለተጨማሪ ሃያ ዓመታት ቆየ። ገንዘቡ ደግሞ መምጣቱን አላቆመም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 የቴሌቪዥኑን መብት ከኤንሲኤኤ እጅ አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ከለቀቀላቸው ጀምሮ ከዓመት ዓመት ጨምሯል። ዩኒቨርሲቲ ትርፍ ለባለ አክሲዮን አያከፋፍልም፤ ለተጫዋች እንዳይከፍል ታግዷል፤ ስለዚህ በአንድ በኩል የተገደበ ውኃ በሌላው በኩል እንደሚፈስ ሁሉ ገንዘቡ ወደ አሠልጣኞች ደመወዝና ወደ አዳዲስ ሕንፃዎች ፈሰሰ። ጥሩ ተጫዋች በገንዘብ መግዛት የማይፈቀድለት ዩኒቨርሲቲ፣ ጥሩ ተጫዋች አባብሎ የሚያመጣለትን ሰው ነበር በገንዘብ የሚገዛው። ሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ «ሴባን ያስገኘው» የሚለው ገቢ ከፊሉ ልጆቹ ያስገኙትና ያልተከፈላቸው ነው ብዬ ብጽፍ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ይህ አሁን በመለወጥ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2021 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው በኤንሲኤኤ ላይ ፈረዱ። በቀጣዩ ወር ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በሰኔ 2025 በጸደቀው ዕርቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ሆኖም መጠኑን ልብ ይበሉ፤ በ2025–26 አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ስፖርቶች ተጫዋቾች በድምሩ ሊከፍል የሚፈቀድለት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ተጫዋቾቹ እንደገና ጣሪያ ተበጀላቸው። አንድ አሠልጣኝ ብቻውን 13 ሚሊዮን በሚወስድበት ግቢ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የውል ማፍረሻ ክፍያው ነው። እኔ እንደማየው ከደመወዙ ይልቅ ነውሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2017 መጨረሻ ጂምቦ ፊሸርን ለ10 ዓመት በ75 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው ነበር። በ2021 ማንም ሳያስገድደው ውሉን እስከ 2031 አራዘመለት፣ ደመወዙንም ወደ 9 ሚሊዮን ከፍ አደረገለት። በኅዳር 2023 ሲያሰናብተው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸከመ። ሰውየው ሌላ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ከዚህ ላይ አንድም ሳንቲም አይቀነስም። የእኛ አባቶች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉ ነበር፤ እዚህ አገር ተረቱ ተገልብጦ ሰው አጥብቆ የሚበላው ሲሻር ሆኗል።

አንድ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ከፔንሲልቬንያ ጋር ያወዳድሩት። ፔን ስቴት በጥቅምት 2025 ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያሰናብት በወረቀት ላይ የነበረው ዕዳ 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ነገር ግን ውሉ ሌላ ሥራ እንዲፈልግና የሚያገኘው ደመወዝ ከዕዳው እንዲቀነስ ያስገድደው ስለነበር፣ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው ሁለቱ ወገኖች በ9 ሚሊዮን ተስማምተው ተለያዩ። የ40 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ያመጣው የአሠልጣኙ ችሎታ ሳይሆን የአንድ አንቀጽ መኖር ነው። ውሉን የሚያረቅቀው የአሠልጣኙ ወኪል ከሆነና ከጠረጴዛው ማዶ ያለው የስፖርት ዳይሬክተር የሚደራደረው በራሱ ገንዘብ ካልሆነ፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ መዘንጋቱ አይገርምም።

ከኢንዲያና፦

የጠበቃው ጽሑፍ ትምህርት ሰጥቶኛል። ነገር ግን ሁሉም ነገር የውልና የወኪል ተንኮል እንዳይመስል አንድ ምስክርነት ልጨምር።

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል እዚህ ለምንኖር ሰዎች የቀልድ ርእስ ነበር። በ2023 ሦስት ጨዋታ አሸንፎ በዘጠኝ ተሸነፈ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ከርት ሲግኔቲ የሚባል፣ ዕድሜው ስልሳን ያለፈ፣ በትልልቆቹ ሊጎች ዋና አሠልጣኝ ሆኖ የማያውቅ ሰው ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መጣ። በ2024 አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፈ። በ2025 የውድድር ዘመን ደግሞ አንድም ሳይሸነፍ በጥር 2026 ማያሚን 27 ለ 21 ረቶ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ሜዳው ያው፣ ከተማው ያው፣ ግዛቱ ያው ነው። ከቀድሞ ቡድኑ ከአሥር በላይ ተጫዋቾች ተከትለውት መጥተዋል፤ ለጋሾችም እጃቸውን ፈትተዋል፤ ግን እነዚያ ልጆች የተከተሉት ማንን ነው? መጀመሪያ በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ደመወዙ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ11 ሚሊዮን ዶላር አልፏል፤ እኔ አልቆጨኝም።

ተጠራጣሪው፦

የኢንዲያናው ወንድማችን ደስታ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሲግኔቲን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲግኔቲን እናገኛለን ብለው ያሰናበቱና የቀጠሩ፣ ያላገኙም ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ግን ማንም አይጽፍም። በ2013 የታተመ የፖለቲካ ሳይንቲስቶች ጥናት ከ1997 እስከ 2010 ባለው ጊዜ አሠልጣኝ የቀየሩ ቡድኖችን፣ ተመሳሳይ ውጤት ይዘው አሠልጣኛቸውን ካቆዩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። እጅግ ደካማ የነበሩት ቡድኖች ቀየሩም አልቀየሩም ያው ሆኑ፤ መካከለኛ የነበሩት ደግሞ በመቀየራቸው ይበልጥ ወረዱ።

አላባማን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዶክተር ዊት ተማሪ ለማብዛት የተነሡት ገና በ2003 ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመጡ ነው፤ ሴባን ሳይቀጠር ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሌላ ግዛት ለሚመጡ ጎበዝ ተማሪዎች ዳጎስ ያለ ስኮላርሺፕ ይሰጥ ነበርና፣ ዕድገቱን በሙሉ በአንድ ሰው ስም መመዝገብ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚገባ አይመስለኝም።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ከዳላስ፦

ተቀብያለሁ፤ ድርሻውን እንጂ ሙሉውን ልሰጠው አይገባኝም ነበር። ድርሻው ዜሮ ነው የሚለኝ ግን እስካሁን አልመጣም።

ለጠበቃው ደግሞ፣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደጋፊዎች እኛ ዳላስ ውስጥ ብዙ ናቸው። ለፊሸር የሚከፈለው ከግብር ሳይሆን ከለጋሾችና ከስፖርቱ ገቢ ነው ሲሉ አዘውትሬ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ነገር ግን ባለጸጋው የሚሰጠው ገንዘብ ወሰን አለው፤ ለተሰናበተ አሠልጣኝ የሰጠው ገንዘብ ለቤተ ሙከራ ያልሰጠው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ እስከ 2017ቱ የግብር ሕግ ድረስ የስታዲየም ወንበር ለማግኘት ከሚሰጠው መዋጮ 80 በመቶው ከግብር ይቀነስ ስለነበር፣ «ከግብር ከፋዩ አልወጣም» የሚለው አባባል ለረጅም ጊዜ ግማሽ እውነት ብቻ ነበር።

የኮሎምበሱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጀመርኩበት አቋም ላይ እንዳልቆምኩ አልክድም። ሲግኔቲን የመሰለ ሰው ዋጋ የለውም ብዬ መከራከር ከእንግዲህ አልችልም፤ ራያን ዴይም ዋንጫውን ባያመጣ ኖሮ ይህን ጥያቄ በሌላ ቁጣ ነበር የምጽፈው።

አሁን ጥያቄዬን አጥብቤዋለሁ። ያሸነፈ ይከፈለው። ተሸንፎ የተሰናበተ ሰው ግን ለስድስትና ለሰባት ዓመት የሚከፈለው በምን ሥራ ነው? ይህን የሚፈርሙት ሰዎችስ ማን ይጠይቃቸዋል? ጠበቃው ያላነሡትን አንድ ነገር ላንሣ። በ2017 ጂምቦ ፊሸርን ለቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የቀጠረውና በ2021 ብራያን ኬሊን ለሉዊዚያና ስቴት የቀጠረው የስፖርት ዳይሬክተር አንድ ሰው ነው፤ ስኮት ውድዋርድ ይባላል። በመሃል ሥራ ቀይሮ ነው እንጂ። የፊሸርን ውል በ2021 ያራዘሙት ከውድዋርድ በኋላ የመጡት ቢሆኑም፣ ሁለቱ ውሎች ሲፈርሱ ያስከተሉት ዕዳ ተደምሮ ከ125 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። የሉዊዚያናው አገረ ገዥ ጄፍ ላንድሪ ቀጣዩን አሠልጣኝ ይህ ሰው አይመርጥም ብለው በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ እሱም ሥራውን ለቋል። ዘግይቷል እንጂ ተጠያቂነት ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም በእሱ ቦታ የመጡትም ወዲያው የ13 ሚሊዮኑን ውል ፈርመዋል።

ጠበቃው፦

ስለ ፈራሚዎቹ ያነሡት ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን «እኔ ዋስትና ያለው ውል አልፈርምም» ቢል ጥሩው አሠልጣኝ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ሁሉም ተስማምተው እንዳይሉ ደግሞ የ1998ቱ ፍርድ ይከለክላቸዋል። የሚቀረው እያንዳንዱ የፍራንክሊንን ዓይነት አንቀጽ በውሉ ማስገባት ነው፤ ያንን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ የፀረ ሞኖፖል ሕጉንም አይነካም።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የተነጋገራችሁት ሁሉ ስለ ትልልቆቹ ነው። የእኔ ልጅ የሚማረው በትልልቆቹ ሊጎች ውስጥ በሌለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በየሴሚስተሩ ከሚመጣው ደረሰኝ ላይ «የስፖርት ክፍያ» የሚል መስመር አለ። ይህ ገንዘብ የት ይገባል?

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ከዳላስ፦

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የቴሌቪዥኑ ቢሊዮን የሚደርሰው ጥቂት ደርዘን ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ነው። ከእነሱ ውጪ ያሉት አብዛኞቹ የስፖርት ክፍላቸውን የሚደጉሙት ከተማሪ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ በጀት ነው። የአሠልጣኙ ደመወዝም፣ ከትልልቆቹ ጋር ሲተያይ ትንሽ ቢሆንም፣ ከዚያው ቋት ይወጣል። ስለዚህ ቀደም ብዬ ስለ ገቢና ስለ ትርፍ የጻፍኩት የልጅዎን ዩኒቨርሲቲ አይመለከትም፤ እዚያ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ደረሰኙን አውጥቼ ከልጄ ጋር አየነው፤ የስፖርት ክፍያው ለሴሚስተሩ መጻሕፍት ካወጣነው ይበልጣል። ስታዲየሙ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኮ ሥራ ነኝ» አለኝ።